ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ጭስ ሊነፉ ነው፤ እናቴን ይዤ ልውጣ?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤቱን ከገዛነው ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ አሮጌ ቤት ነው። ትናንት ከሥራ ስገባ የበሩ እጀታ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሎ አገኘሁ። በሰፈራችሁ የፍሳሽ መስመር ውስጥ ጭስ ልንለቅ ነው፣ ቤታችሁ ውስጥ ጭስ ብታዩ አትደንግጡ ይላል። እንዴት አልደነግጥ? እኔም ባለቤቴም ቀን ቀን ሥራ ነን። ቤት የምትውለው እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ወሯ ነው፣ እንግሊዝኛ አትችልም፣ አስም አለባት። ሌላው ደግሞ ቤዝመንት ውስጥ እንጀራ የምንጋግርባት ሁለተኛ ኩሽና አለች። ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ያሠሯት ናት፣ ፈቃድ ይኑራት አይኑራት አላውቅም። ጭሱን ሰበብ አድርገው ገብተው ቢያዩብንስ? ባለቤቴ ‹ዝም በይ፣ ምንም አይመጣም› ይላል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ? ግራ የገባት ነኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍሽን ተኚ። ባለቤትሽ ግማሽ ልክ ነው። ምንም ላይመጣ ይችላል። ግን ምንም እንዳይመጣ ከተፈለገ ዛሬ ማታ የሚሠራ ቀላል ሥራ አለ፣ እሱም ቤቱ ውስጥ ባለ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ማፍሰስ ነው። የምሬን ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ሰዎቹ ውጪ ምን እንደሚሠሩ ልንገርሽ፣ እሱን ካወቅሽ ግማሹ ፍርሃት ይለቅሻል።

ሠራተኞቹ መንገድ ላይ ያለውን ማንሆል ይከፍቱና አፉ ላይ ትልቅ ነፊ ማሽን ያስቀምጣሉ። ማሽኑ አየር ወደ ታች ይገፋል፣ ከአየሩ ጋር ነጭ ጭስ ይገባል። ጭሱ በዋናው መስመር ውስጥ ይሄድና ከየቤቱ በሚመጣው ቱቦ ሽቅብ እየወጣ መውጫ ይፈልጋል። ደህና በተሠራ ቤት መውጫው ጣሪያ ነው። ቀና ብለሽ ጣሪያሽን ብታዪ ብቅ ያለ ቱቦ አለ፣ የቤትሽ ፍሳሽ መስመር የሚተነፍሰው በእሱ ነው። ስለዚህ በዚያን ቀን ከጣሪያሽ ላይ ነጭ ጭስ ሲትጎለጎል ብታዪ ቤቱ እየነደደ ላይሆን ይችላል፣ እንዲያውም መተንፈሻው ክፍት መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው። ወረቀት ያልደረሳት ጎረቤት ካለችሽ ግን ንገሪያት፣ የእሳት አደጋ መኪና ሰፈሩን እንዳያናውጠው።

እነሱ የሚፈልጉት ከጣሪያ ውጪ የሚወጣውን ነው። ከሣር መሃል፣ ከአሸንዳ መውረጃ ሥር፣ ከመንገድ ዳር የጎርፍ መቀበያ፣ ክዳኑ ከተሰበረ ቱቦ። ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ በዝናብ ቀን ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። የአንቺ ሰፈር የፍሳሽ መስመር የተሠራው ከሽንት ቤትና ከማጠቢያ ለሚወጣው ብቻ ነው፣ የዝናብ ውሃ የራሱ መንገድ አለው። ዝናቡ በየስንጥቁ ወደ ፍሳሹ ሲገባ መስመሩ ሞልቶ ይገነፍላል። ከዚያ ወይ በማንሆል አፍ ወጥቶ ወንዝ ይገባል፣ ወይ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኘውን ዝቅተኛ ቀዳዳ ይይዛል። ያ ዝቅተኛ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የአንድ ምስኪን ሰው ቤዝመንት ነው።

በእናንተ አካባቢ ይህን መስመር የሚያስተዳድረው ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ዋተር ነው። በ1918 የተቋቋመ ድርጅት ነው፣ የሞንትጎመሪንና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲን ውሃና ፍሳሽ ይዟል፣ የፍሳሽ ቱቦው ብቻ ከ5,000 ማይል በላይ ነው። ያን ያህል ቱቦ እየቆፈሩ ማየት አይቻልም። ፍሳሽ እየገነፈለ ወንዝ በመግባቱ በፌዴራል መንግሥት ተከስሶ በ2005 መስመሩን መርምሮ ለመጠገን በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ገብቷል። ጭስ ደግሞ ርካሽና ፈጣን ከሆኑት የመመርመሪያ መንገዶች አንዱ ነው። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ምድሩ ደረቅ ሲሆን ነው፣ እርጥብ አፈር ስንጥቁን ስለሚደፍነው ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም። ዝናብ ከዘነበ ቀኑን ያራዝማሉ፣ ስለዚህ በተባለው ቀን ካልመጡ ቀረ ብለሽ አትርሺው።

አገር ቤት አብዛኞቻችን ያደግነው ጊቢ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሲሞላ መምጠጫ መኪና እየተጠራ ነው። ቱቦው ከጎረቤት ቱቦ ጋር የተያያዘበት ቤት ውስጥ መኖር ለብዙዎቻችን እዚህ የመጣ ነገር ነው። ስለዚህ ባለማወቅሽ አትፈሪ፣ ፈረንጆቹም አያውቁትም።

አሁን ወደ ውሃው። በየማጠቢያው ሥር፣ በየሻወሩ ሥር፣ ወለል ላይ ባለው መውረጃም ሥር ሲፎን አለ። ጎበጥ ያለው ቱቦ ማለቴ ነው። ጉብጠቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል፣ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚሆን። ከፍሳሹ የሚመጣው ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚከለክለው በር ይኸው ውሃ ብቻ ነው። ሌላ ክዳን የለም። በየቀኑ የምትጠቀሚበት ማጠቢያ ውሃው አይደርቅም። የማትጠቀሚበት ግን ሳምንታት ሲያልፉ ውሃው ይተንና ባዶውን ይቀራል፣ በተለይ ክረምት ማሞቂያ ሲበራ። ከዚያ በሩ ክፍት ነው። ጭሱም በዚያ ይገባል፣ ሽታውም ከዚያ በፊት በዚያ ሲገባ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ባልዲ ያዢና ከቤዝመንት ጀምሪ። ወለሉ ላይ ያለውን ክብ ፍርግርግ ፈልጊ፣ ብዙ ጊዜ ፈርነሱ (ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን) ወይም የውሃ ማሞቂያው አጠገብ ነው፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ምንጣፍ አንጥፎበት ይገኛል። አንድ ጋሎን ያህል ውሃ ቀስ ብለሽ አፍስሺበት። ከዚያ የእንግዳው ሽንት ቤት፣ ማንም የማይታጠብበት ሻወር፣ የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለው ገንዳ። ማጠቢያዎቹን ግማሽ ደቂቃ ያህል ክፈቻቸው፣ ሽንት ቤቱን ልቀቂው። ውጪ በረንዳ ወይም ጋራዥ ውስጥ መውረጃ ካለም አትርሺው። ጭሱ በሚለቀቅበት ቀን ጠዋት አንዴ ድገሚው። ወለሉ ላይ ላለው መውረጃ ደግሞ ከውሃው በኋላ ትንሽ የምግብ ዘይት ጠብ ብታደርጊበት ላዩን ይሸፍነውና ውሃው ቶሎ አይተንም። ጠብ ነው ያልኩት። ቂቤና ዘይት በማጠቢያ መድፋት ሌላ ጣጣ ነው፣ ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

የእንጀራ ኩሽናሽ ላይ ልቆይ፣ የኔ ጥርጣሬ ያለው እዚያ ነውና። እንዲህ ያለች ኩሽና ያላየሁበት የሐበሻ ቤት ጥቂት ነው። ምጣዱ ላይኛው ፎቅ ሲሆን አላርሙ ይጮሃል፣ ወጡ ሶፋው ላይ ይሸታል፣ ስለዚህ ወደ ታች ይወርዳል። ምጣዱ ችግር የለበትም። ችግሩ ማጠቢያውን የገጠመው ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ በትርፍ ሰዓቱ የመጣ «ሁሉን እችላለሁ» ባይ ነው። ስልክሽን መብራት አድርገሽ ከማጠቢያው ሥር ተንበርከኪ። ቱቦው ወርዶ ጎብጦ መልሶ ወጥቶ ወደ ግድግዳ ከገባ ደህና ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ወለል ከገባ ሲፎን የለውም። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ወዳለ ሰፊ ቀዳዳ ገብቶ ዙሪያው በቴፕ ወይም በጨርቅ ከተወተፈ ደግሞ ጭሱ መጀመሪያ የሚወጣው እዚያ ነው፣ ውሃ ብታፈሺም። አንድ ሌላ ምልክት አለ። ማጠቢያውን ሞልተሽ በአንዴ ልቀቂው። መጨረሻ ላይ ጉርጉር ብሎ ከጮኸ ሲፎኑ የራሱን ውሃ እየመጠጠ ባዶውን እየቀረ ሊሆን ይችላል፣ መተንፈሻ ስላልተሠራለት። ለጊዜው ትልቅ የማጠቢያ ክዳን ካለሽ ዝጊው፣ ቀዳዳው ዙሪያ ክፍተት ካለም በፕላስቲክና በቴፕ አሽጊው። የቀኑን ያሳልፍልሻል። ቆይቶ ግን በትክክል መሠራት አለበት።

ገብተው ያዩብናል ወይ ላልሽው፣ ለዚህ ምርመራ ማንም ቤትሽ መግባት የለበትም። ሥራቸው መንገድና ጊቢ ላይ ነው። ዞር ዞር ብለው ጭስ የወጣበትን ፎቶ ያነሳሉ፣ ባንዲራ የመሰለች ምልክት ሊተክሉ ይችላሉ፣ በቃ። እንዲያውም የሚያስፈራኝ ሌላ ሰው ነው። «የውሃ ቢሮ ነን፣ የጭሱን ጉዳይ ቤዝመንት ገብተን እንይ» የሚል ሰው ቢመጣ በሩ አይከፈት። ዩኒፎርም መሳይ ለብሶ አንዱ ሲያዋራ ሌላው ዕቃ የሚያነሳበት ሌብነት የታወቀ ነው፣ እናትሽ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው፣ እንግዳ በር ላይ ማቆም ነውር ነው ብለው ያደጉ ናቸው። እሳቸውን ይህን አንድ ነገር አስረግጠሽ ንገሪያቸው፣ ማንም ቢያንኳኳ አይክፈቱ፣ ላንቺ ይደውሉ።

ስለ ፈቃዱ ያለሽ ስጋት ግን አለ፣ አልዋሽሽም። ጭሱ ኩሽናሽን አያጋልጥም። ጭሱ ሊያጋልጥ የሚችለው አሸንዳሽ ወይም የቤዝመንቱን ውሃ የሚገፋው ሳምፕ ፓምፕ ከፍሳሹ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው፣ አሮጌ ቤቶች ላይ ይህ አለ፣ ክልክልም ነው። ያ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው «አስተካክሉ» የሚል ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትክተቺው። ኩሽናዋን በተመለከተ ቤቱን አንድ ቀን ትሸጡታላችሁ፣ ያን ጊዜ የገዢው መርማሪ ያያታል። ካሁኑ ፈቃድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ አምጥታችሁ ብታሳዩ ይሻላችኋል።

አሁን ወደ እናትሽ። ጭሱ ለዚህ ሥራ የሚዘጋጅ ነው፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ቃጠሎ የሚወጣ ዓይነት አይደለም። ልብስም ግድግዳም አይበክልም፣ መስኮት ሲከፈት በደቂቃዎች ይጠፋል። ጤነኛ ሰው ቢበዛ ጉሮሮውን ትንሽ ይከረክረዋል። አስም ያለበት ሰው ግን ሌላ ነው፣ ማንኛውም ጭስ ሊቀሰቅስበት ይችላል። የኔ ምክር ግልጽ ነው። በዚያን ቀን እናትሽ ቤት አይዋሉ። ሥራው የሚሠራው ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ጭሱ የሚነፋው ደግሞ ለአጭር ጊዜ ነው። ጠዋት ዘመድ ቤት አድርሻቸው፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ይዋሉ፣ ማታ ታመጫቸዋለሽ። ሰው ጥየቃ ሲሄዱ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም።

ከዚያ በፊት ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደውይና አስም ያለባቸው እናት ቤት እንዳሉ አስመዝግቢ። እንዲህ ያለውን ቤት አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ፣ ለዚህ ነው ስልኩን የጻፉት። የኛን መንገድ የምትደርሱት መቼ ነው ብለሽ ጠይቂ። ጭሱ ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ የደኅንነት መረጃ ወረቀት ላኩልኝ ማለትም ትችያለሽ፣ ለሐኪማቸው ታሳዪዋለሽ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ፣ ስልኩን ያነሳውን ሰው «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉት፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ አማርኛ ብርቅ አይደለም፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

መውጣት ካልቻሉና ቤት ከቀሩ ደግሞ ላይኛው ፎቅ ይሁኑ፣ ቤዝመንቱ በር ይዘጋ፣ መንፊያ መድኃኒታቸው ኪሳቸው ይሁን። የሽንት ቤቱ ፋን፣ የምድጃው ፋን፣ የልብስ ማድረቂያው አይነሱ፣ አየር ወደ ውጪ ሲስቡ ጭሱን ከቱቦው ወደ ቤት ይጎትቱታል። እንጀራም በዚያን ቀን አይጋገር። ዕጣንም አይጨስ! ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑ ግን ይቅር፣ አለዚያ የትኛው ጭስ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል።

ጭስ ቤት ውስጥ ካዩ መስኮትና በር ከፍተው ወዲያው ይውጡ። ጭሱ ምንም አያደርግም ተብሏል ብለው ቁጭ እንዳይሉ። እንዲህ ያለ ቀን ላይ እውነተኛ እሳትም ሊነሳ ይችላል፣ እሳት የሰው ቀጠሮ አያከብርም። ጭሱ ከመውረጃ ቀዳዳ ሳይሆን ከሶኬት፣ ከምድጃ ወይም ከማያውቁት ቦታ ከመጣ፣ የቃጠሎ ሽታ ካለው፣ ወይም ትንፋሻቸው ካጠራቸው፣ ወጥተው 911 ነው። «አምሃሪክ» ካሉ አስተርጓሚ ያመጡላቸዋል። የአላርሙን ባትሪ አውጥቶ የሚጠብቅ ሰውም አውቃለሁ። እንዳታደርጉት። ይጩህ፣ ሥራው ነው።

ወረቀቱን በአማርኛ ጻፊላቸውና ፍሪጁ ላይ ለጥፊ። ረጅም አይሁን። «ጭስ ካዩ ውጡ። በር ለማንም አይክፈቱ። ለእኔ የሚደወልበት ቁጥር ይኸው። የቤታችን አድራሻ ይኸው።» አድራሻውን በእንግሊዝኛ ፊደልም በአማርኛም ጻፊው፣ 911 ሲደወል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ገና ወራቸው የሆነ እናት በቃላቸው አይዙትም።

አንቺ ራስሽ ቤት ከዋልሽና ጭስ ከገባ፣ ከመውጣትሽ በፊት በሩ ላይ ሆነሽ አንዴ ዘወር በዪና ከየት እንደሚመጣ እይ፣ ከቻልሽ በስልክሽ ቅረጪው። ይህ መረጃ ወርቅ ነው። ውሃ ያላፈሰስሽበት መውረጃ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ ደርቆ ነው። ውሃ አፍስሰሽ እያለ ከገባ ግን ቱቦው ተሰንጥቆ ወይ ተላቆ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ሲፎን የለውም። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ሥር ዙሪያውን ከወጣ ከታቹ ያለው የሰም ማሸጊያ አልቋል፣ ይህ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ሠራተኛው በቶሎ ይቀይረዋል። ከግድግዳ ውስጥ ከመጣ ወደ ጣሪያ የሚሄደው መተንፈሻ ተሰብሯል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ይሄኛው ግድግዳ ያስከፍታል። የሆነው ሆኖ ውጪ ላሉት ሠራተኞች ንገሪያቸው። ጭሱ ከሄደ በኋላ «ኡፍ፣ አለፈ» ብሎ መርሳት ነው ትልቁ ስህተት። ጭሱ በገባበት የፍሳሽ ጋዝም ይገባል፣ ያ ጋዝ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ አይታይም። ውስጡ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ፣ የሚቀጣጠል ሚቴንም አለ። አስም ላለባቸው እናትሽ ከአንድ ቀን ጭስ ይልቅ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ቤዝመንታችሁ አልፎ አልፎ ሽታ አለው ወይ? ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፣ ግን ካለው አሁን ምክንያቱን የምታገኙበት አጋጣሚ ነው፣ በነጻ።

ጊቢሽንም አንዴ ዙሪው። ከቤቱ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ብዙ ጊዜ የእጅ መዳፍ የሚያክል ክብ ክዳን ያለው ነጭ ወይም ጥቁር ቱቦ አለ፣ ቱቦው ሲዘጋ የሚጸዳበት አፍ ነው። ሣር ማጨጃ ይሰብረዋል። ክዳኑ ከሌለ ወይ ከተሰነጠቀ የዝናብ ውሃ ዘው ብሎ ይገባል። ክዳኑ ሆም ዲፖ ይሸጣል፣ የአፉን ስፋት ለክተሽ ሂጂ።

ቤዝመንት የምታከራዩ ካላችሁ ወረቀቱ እናንተ በር ላይ ስለሚንጠለጠል ተከራያችሁ አያየውም። ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ከሆነ ደግሞ በአካል ንገሩት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ይህ ሥራ ባለፈ ሰሞን በር እያንኳኩ «ቱቦሽ ተሰብሯል፣ ዛሬ ካልፈረምሽ ዋጋው ይጨምራል» የሚሉ ኮንትራክተሮች ይመጣሉ። የምርመራውን ውጤት የሚያውቀው የውሃ ድርጅቱ ነው፣ እነሱ አይደሉም። ችግር ከተገኘ ራሱ ድርጅቱ በጽሑፍ ይነግርሻል። ያኔ ደውለሽ የተሰበረው በኔ ወሰን ውስጥ ነው ወይስ በናንተ ብለሽ ጠይቂ፣ መንገዱ ሥር ያለውና ጊቢሽ ሥር ያለው ባለቤታቸው የተለያየ ነው፣ ሂሳቡም እንደዚያው። በአንቺ በኩል ከሆነ ፈቃድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ካሜራ አስገብቶ ያሳይሽ፣ ቪዲዮውን ተቀበይ፣ ሁለት ሦስት ሰው ዋጋ ይስጥሽ። ከዚያ በፊት ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሚ።